እታባ አላለሙም፦ ተጀምረው የቀሩ የአሜሪካ የማታ ድራማዎች

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። አክስቴ እታባ በ1984 መግቢያ ላይ ከሱዳን ወደ አሜሪካ መጡ። እንግሊዝኛ የለመድኩት ማታ ማታ በቲቪ ድራማ ነው ይላሉ። ዳላስንና ዳይናስቲን ሁላችንም ሰምተናል። እሳቸው ግን ሁለት ሌሎች ያነሳሉ። አንዱ የሞዴሎች ታሪክ ነው፤ ገና መጣፈጥ ሲጀምር፣ በመጡበት ዓመት በፈረንጅ ገና ሰሞን ድንገት ጠፋ። ሌላው ላይ ደግሞ አንዲት የሀብታም ልጅ በረሃ መሀል መኪናዋ ይቆማል፤ ከሰማይ የወረደ የሚያበራ ነገር ይዟት ይሄዳል። ልጆቻቸው ‹እማዬ፣ አልመሽ ነው› እያሉ ይስቁባቸዋል። በእርግጥ እንዲህ ዓይነት ድራማዎች ነበሩ? ከነበሩ ለምን ማንም አያውቃቸውም? አሁንስ የት ይገኛሉ?»

መልስ፦

ልጆቻቸው ይቅርታ ይጠይቁ። እታባ አላለሙም። ሁለቱም ድራማዎች ነበሩ፤ ሁለቱም የታዩት ኤቢሲ በሚባለው ጣቢያ ነው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር ነው የምናገረው።

የሞዴሎቹ ድራማ «ፔፐር ዶልስ» ይባላል። በሴፕቴምበር 1984 ጀመረ። የመጨረሻው ክፍል የታየው ዲሴምበር 25 ቀን 1984 ነው፤ ልክ በፈረንጅ ገና ዕለት። እታባ ጊዜውን እንኳ አልሳቱም። ታሪኩ የሚካሄደው ኒውዮርክ ውስጥ ነው። ሁለት ለጋ ልጃገረዶች ወደ ሞዴልነት ይገባሉ። አንደኛዋ ቴሪ ፋረል ናት፣ ሁለተኛዋ ኒኮሌት ሼሪዳን። ብሬንዳ ቫካሮ የሼሪዳን እናት ሆና ትሠራለች፤ ልጇን እየገፋች ካሜራ ፊት የምታቆም እናት። ከላይ የመዋቢያ ዕቃ ከበርቴው ሎይድ ብሪጅስ አለ። የሞዴል ኤጀንሲዋ አለቃ ደግሞ ሞርጋን ፌርቻይልድ ናት። ስትስቅም የምታስፈራ፣ ወርቃማ ጸጉር ያላት። እታባ «ያቺ ክፉ ሴትዮ» የሚሏት ካለች እሷ መሆን አለባት።

በረሃው ያለበት «ዘ ኮልቢስ» ነው። ከዳይናስቲ የተወለደ ድራማ ነው። ከኖቬምበር 1985 እስከ ማርች 1987 ቆየ፤ 49 ክፍል። ገንዘብ አልተሰሰተበትም። አባወራው ቻርልተን ሄስተን ነው፤ ሙሴን ሆኖ ባሕር ሲከፍል ያየነው ሰውዬ። እህቱ ባርባራ ስታንዊክ ነበረች፤ ያቺ የድሮ የሆሊውድ ንግሥት። እሷ ግን አንድ ምዕራፍ ሠርታ ወጣች። ሪካርዶ ሞንታልባንም አለበት፣ ስቴፋኒ ቢቻምም አለችበት።

መኪናዋ የቆመባት ልጅ ፋሎን ትባላለች። የዳይናስቲው ሀብታም የብሌክ ካሪንግተን ልጅ ናት፤ የምትጫወታት ኤማ ሳምስ ናት። ማርች 26 ቀን 1987 በታየው ክፍል ብቻዋን በሞሃቪ በረሃ እየነዳች ሳለ መኪናው ቀጥ ይላል። በራሪ ነገር ያርፋል። በሩ ይከፈታል፣ ብርሃን ይወጣል፣ ትገባለች፣ ይነሳል። አለቀ። ድራማው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ፋሎን ግን በዚያው ዓመት፣ መስከረም ሲጠባ፣ ዳይናስቲ ላይ ብቅ አለች።

ብዙ ሰው ኮልቢስን የገደለው ይህ ትዕይንት ነው ይላል። እኔ አልስማማም። በሽታው የቆየ ነው። ድራማው የተሰጠው ሰዓት ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ነበር። በዚያው ሰዓት ኤንቢሲ ላይ «ቺርስ» እና «ናይት ኮርት» የሚባሉ ኮሜዲዎች አሉ። ከእነሱ በፊት፣ 2 ሰዓት ላይ፣ «ዘ ኮስቢ ሾው» አለ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ከእሱ በላይ የሚታይ ፕሮግራም አልነበረም። ሪሞት በሁሉም ቤት ገና አልገባም። 2 ሰዓት ላይ ሶፋው ላይ የተቀመጠ ቤተሰብ ለኮልቢስ ብሎ ተነስቶ ጣቢያ አይቀይርም። ሄስተን ባሕሩን ቢከፍልም ሐሙስን መክፈል አልቻለም።

እንግዲህ ለምን ማንም አያውቃቸውም ወደሚለው ዋና ጥያቄሽ እንምጣ። መጀመሪያ ግን፦ ለምን በዙ? ለምንስ ረገፉ?

ሁሉንም ያመጣው ዳላስ ነው። ሲቢኤስ ላይ በኤፕሪል 1978 በ5 ክፍል ሙከራ ጀመረ። ኖቬምበር 21 ቀን 1980 «ጄ አርን ማን ተኮሰው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘበት ክፍል ታየ፤ ጄ አር የድራማው ተንኮለኛ ሀብታም ነው። በዚያ ሰዓት በአሜሪካ ተከፍቶ ከነበረው ቴሌቪዥን 76 በመቶው የሚያሳየው ዳላስን ነበር። የየጣቢያው አለቃ ይህን ቁጥር ሲያይ እንቅልፍ አጣ። ሁሉም የራሱን ዳላስ ፈለገ።

ከዚያ በኋላ ያልተሞከረ የሀብት ዓይነት የለም። ኤንቢሲ በ1983 «ቤር ኤሰንስ»ን አመጣ፤ የሽቶ ንግድ ታሪክ ነው። በዚያው ዓመት «ዘ የሎው ሮዝ» መጣ፤ የቴክሳስ የከብት እርባታ፣ ሳም ኤልየት ያለበት። ሲቢኤስ «ኤመራልድ ፖይንት»ን ሠራ፤ የባሕር ኃይል ሰፈር፣ ሦስት ሴት ልጆች ያሉት አድሚራል። የሠሩት ዳይናስቲን የፈጠሩት ባልና ሚስት፣ ሪቻርድና ኤስተር ሻፒሮ ናቸው። በ1985 «በሬንጀርስ» ተከተለ፤ በአንድ ትልቅ የኒውዮርክ መደብር ውስጥ ያለ የቤተሰብ ጠብ። ከእነዚህ አንዱም ሁለተኛ ዓመቱን አላየም።

እዚህ ላይ አንድ ዘዴ ላሳይሽ። በዚያ ዘመን ጣቢያዎቹ አዲስ ድራማ ሲገዙ በአብዛኛው መጀመሪያ 13 ክፍል ያዛሉ። ቁጥሩ ደስ ካሰኛቸው 9 ይጨምራሉ። 22 ይሆናል፤ አንድ ሙሉ የቴሌቪዥን ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ የክፍሉን ብዛት ከነገርሽኝ አሟሟቱን እነግርሻለሁ። 7 ወይም 8 ከሆነ ከአየር ላይ ተጎትቶ ነው የወረደው፤ ተቀርጾ ያልታየ ክፍልም ሳይኖር አይቀርም። 13 ግድም ከሆነ ጭማሪውን ተከልክሏል። 22 ከሆነ ዓመቱን በሰላም ጨርሶ «ደህና ሁን» ተብሏል። «ኤመራልድ ፖይንት» እና «የሎው ሮዝ» 22፣ 22 ናቸው። «ፔፐር ዶልስ» በ13ቱ ጎራ ነው። ከሴፕቴምበር እስከ ገና ያለውን ሳምንት ብትቆጥሪው እዚያው ነው የሚያደርስሽ። እታባ «ገና መጣፈጥ ሲጀምር» ያሉት ልክ ነው። የተቋረጠው ገጸ ባሕርያቱን ለይተን፣ ማን ማንን እንደሚጠላ ባወቅን ማግስት ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የአንድ ድራማ ሁለት ጊዜ መሞት ነው። የዳላስ ፈጣሪ ዴቪድ ጄከብስ ነው። በዲሴምበር 1980፣ ያ 76 በመቶ በታየ በሳምንታት ውስጥ፣ የእሱ አዲስ ድራማ ሲቢኤስ ላይ ወጣ። «ዘ ሲክሬትስ ኦፍ ሚድላንድ ሃይትስ» ይባላል፤ የአንዲት የዩኒቨርሲቲ ከተማ ወጣቶችና የወላጆቻቸው ጉድ። ጄከብስ የዘመኑ ጣፋጭ እጅ ነው። ጣቢያውም ያው ዳላስን የሚያሳየው ነው። 8 ክፍል ታይቶ በጃንዋሪ ወረደ። ፕሮዲውስ ያደረገው ሎሪማር ኩባንያ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1982 መጀመሪያ ከተዋንያኑ የተወሰኑትን ሰብስቦ፣ ስምና ከተማ ቀይሮ፣ «ኪንግስ ክሮሲንግ» ብሎ ለኤቢሲ ሸጠው። 7 ክፍል። በሁለቱም ላይ ከነበሩት ወጣቶች አንዷ ሊንዳ ሃሚልተን ናት። ከሁለት ዓመት በኋላ «ተርሚኔተር» ላይ ያየናት ያቺው ልጅ። ከሁለቱ ድራማዎች ውድቀት ከተረፉት ነገሮች ትልቁ እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ታዲያ ምን ጎደላቸው? እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልበል። ሁሉም የኮረጁት የ1980ውን ዳላስ ነው። የ1978ቱን ማንም አልኮረጀውም።

የዳላስን የመጀመሪያ ክፍሎች ተመልሰሽ ብታዪ ሌላ ድራማ ይመስልሻል። አብዛኛው ክፍል ታሪኩን እዚያው ጀምሮ እዚያው ይጨርሳል። አንድ ሳምንት ቢያመልጥሽ ምንም አይጎድልብሽም። ቤተሰቡን ቀስ ብለሽ ትለምጃለሽ፤ ጄ አርን መጥላት ትጀምሪያለሽ። ከሳምንት ሳምንት የሚንጠለጠለው ታሪክ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ኖትስ ላንዲንግ»ም በ1979 ሲጀምር እንዲሁ ነበር፤ እስከ 1993 ኖረ፣ 344 ክፍል። ኮራጆቹ ግን በመጀመሪያው ምሽት ደርዘን ሰው፣ አምስት ጠብ፣ ሦስት ውሽማና አንድ ኑዛዜ ያፈሱብሻል። ገና ስማቸውን ሳታውቂ እንድታለቅሺላቸው ይፈልጋሉ። ሰርግ ቤት ዘግይቶ ገብቶ የማንንም ዘመድ እንደማያውቅ እንግዳ ትሆኛለሽ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ካመለጠሽ ደግሞ መግቢያው ተዘጋ። በኢንተርኔት ተመልሶ ማየት የለ፤ ቪዲዮ መቅጃም በብዙ ቤት ገና አልገባም።

ዳይናስቲስ? ዳይናስቲ እኮ ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ የሚንጠለጠል ታሪክ ነበር፤ ተርፏል። እውነት ነው። ግን እንዴት እንደተረፈ እይ። በጃንዋሪ 1981 ሲጀምር ከአስሮቹ ተወዳጅ ፕሮግራሞች ተራ አልገባም። ኤቢሲ ታገሠው። ምዕራፉ ያለቀው አንዲት ዓይነ ርግብ የሸፈናት ሴት ፍርድ ቤት ስትገባ ነው። መኸር ሲመጣ ዓይነ ርግቡ ተነሣ፤ ጆን ኮሊንስ ሆነች፤ የብሌክን የቀድሞ ሚስት፣ ተንኮለኛዋን አሌክሲስን ሆና። ድራማው ሞተሩን አገኘ። በ1984–85 በአገሩ አንደኛ ሆነ። «ፔፐር ዶልስ» የተቋረጠው በዚያው ዓመት፣ በዚያው ጣቢያ ነው። ሁለተኛ ዓመት ቢሰጠው እሱም አሌክሲሱን ያገኝ ነበር ወይ? እኔ ብሬንዳ ቫካሮን ይዞ ብዙ ይሄድ ነበር ባይ ነኝ። የሴትየዋ ትወና ከድራማው በላይ ነበር።

ይህ አሟሟታቸው ነው። የተረሱበት ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ የገንዘብ ጉዳይ ነው።

በዚያን ጊዜ ድራማውን የሚሠራው ስቱዲዮ ነው፤ ጣቢያው የሚያሳይበትን ፈቃድ ብቻ ይገዛል። የሚከፍለው ደግሞ ከወጪው ያንሳል። የዳይናስቲ ዓይነት ድራማ አንዱ ክፍል ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይፈጅ ነበር። ልብሱ፣ ጌጡ፣ ቤቱ፣ ፀጉሩ። ስቱዲዮው በየሳምንቱ እየከሰረ ነው የሚሠራው። ለምን? ኋላ ድራማውን ለየከተማው ጣቢያ በድጋሚ ለማሳየት ሲሸጥ ያተርፋል። በ1970 የወጣ የመንግሥት ደንብ ኔትወርኮቹ፣ ማለት እነኤቢሲ ያሉ አገር አቀፍ ጣቢያዎች፣ ከዚህ ድጋሚ ሽያጭ እንዳይካፈሉ ከልክሎ ስለነበር ትርፉ የስቱዲዮው ነው። ገዢዎቹ ግን በሳምንት 5 ቀን፣ በየቀኑ ነው የሚያሳዩት። ስለዚህ ቢያንስ 100 ያህል ክፍል ይፈልጋሉ። 100 ክፍል ቢያንስ 20 ሳምንት ይሞላል። 13 ክፍል ያለውን ማን ይገዛል? ሁለት ሳምንት ከግማሽ ነው። ለእነ«ፔፐር ዶልስ» ስቱዲዮ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

በዚያ ላይ የሚንጠለጠል ታሪክ ድጋሚ ሲታይ ጣዕሙ ይቀንሳል። ጄ አርን ማን እንደተኮሰው ያወቀ ሰው እንደገና አይጨነቅም። ኮሜዲ ግን አሥር ጊዜ ቢታይ ያስቃል። ስለዚህ የ80ዎቹ ኮሜዲ በየሰዓቱ እየተደጋገመ በሦስት ትውልድ ጭንቅላት ውስጥ ገባ። የ80ዎቹ አጭር ድራማ አንድ ማታ ታየ፣ አለቀ። የእታባ ልጆች ስላላዩት እንጂ ስላልነበረ አይደለም የማያውቁት።

በነገራችን ላይ ይህ የመቋረጥ ጣጣ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። አገር ቤት በቃና ቲቪ ያየናቸው የቱርክ ድራማዎች ሁሉ የተሳካላቸው ይመስለናል። ቱርክ ውስጥም በጥቂት ሳምንት የሚቋረጡ ሞልተዋል፤ ተተርጉመው እኛ ጋ የሚደርሱት የተረፉት ናቸው። አሜሪካኖቹም በ2006 ማይ ኔትወርክ ቲቪ በሚባል አዲስ ጣቢያ የላቲኖቹን ዘዴ ሞከሩ፦ መጨረሻው አስቀድሞ የተጻፈ፣ 65 ክፍል የሆነ ድራማ፣ በየማታው። አንደኛው «ፋሽን ሃውስ» ነበር። ተመልካች አልመጣም። ማን እንዳለችበት ገምቺ። ሞርጋን ፌርቻይልድ። ሴትየዋ በ1981 ኤንቢሲ ላይ የጀመረው «ፍላሚንጎ ሮድ» ላይም ነበረች፤ እሱም ሁለት ምዕራፍ ብቻ። ያለ እሷ አጭር ድራማ አይሠራም ያሰኛል።

ከዳላስ በፊትም ነበሩ። በ1964 ኤቢሲ «ፔይተን ፕሌስ»ን ጀምሮ ጉድ ስላሰኘ፣ ሲቢኤስ በ1965 የቀን ድራማውን ተወዳጅ ሴት፣ ሊሳን፣ ባቡር አሳፍሮ ቺካጎ ላካትና «አወር ፕራይቬት ወርልድ» የሚል የማታ ድራማ ሰጣት። አንድ በጋ ቆየ። ሊሳም ወደ ቀኑ ድራማዋ ተመለሰች፤ እንደ ፋሎን መሆኑ ነው። ከሌላ ድራማ የተወለደ ድራማ አንድ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ቢሞት እንኳ ሰዎቹ የሚመለሱበት ቤት አላቸው። በ1969 ደግሞ «ዘ ሰርቫይቨርስ» መጣ፤ ላና ተርነርና ጆርጅ ሃሚልተን፣ ደቡብ ፈረንሳይ ድረስ ተሂዶ የተቀረጸ። 15 ክፍል። ሃሚልተንን ግን አልለቀቁትም፤ በ1970 መጀመሪያ «ፓሪስ 7000» የሚባል ሌላ ድራማ ሰፉለት። እሱም በጥቂት ሳምንት አለቀ።

የት ይገኛሉ ላልሽው፦ «ዘ ኮልቢስ» ቀላል ነው፤ ሙሉው በዲቪዲ ወጥቷል። የልጆቹን አፍ ለማዘጋት የመጨረሻው ክፍል ይበቃል። «ፔፐር ዶልስ» ያስቸግራል። የዚህ ዓይነት ድራማ በአብዛኛው የሚገኘው ሰዎች ቤታቸው በቪዲዮ ካሴት ቀድተው ያስቀሩት ነው። ለዚህም ጊዜው ጠቅሟል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቤት ውስጥ ፕሮግራም ቀድቶ ኋላ ማየት ሕጋዊ ነው ብሎ የወሰነው በጃንዋሪ 1984 ነው፤ «ፔፐር ዶልስ» በጀመረበት ዓመት። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ሥዕሉ የተንቀጠቀጠ፣ መሀሉ ላይ የ1984 ማስታወቂያ ያለበት ቢያጋጥማችሁ አትጣሉት። እታባ ማስታወቂያውንም ሊያስታውሱት ይችላሉ።

ሜሪላንድ መሆናችሁ ደግሞ ዕድል ነው። ዋሽንግተን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ ማዲሰን ሕንፃ ውስጥ፣ የፊልምና የቴሌቪዥን ንባብ ክፍል አለው። ፊልሞቹ የሚቀመጡት ቨርጂኒያ ውስጥ ከልፔፐር በሚባል ከተማ ስለሆነ አስቀድሞ መጻፍና ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል። ለመዝናናት ሳይሆን ለጥናት ነው የሚያሳዩት። «የቤተሰብ ታሪክ እያጠናሁ ነው» ማለት ውሸት አይሆንም። ኒውዮርክ ከሄዳችሁ ፔሊ ሴንተር የሚባል የቴሌቪዥን ማኅደር አለ፤ ካሊፎርኒያ ዘመድ ካላችሁ የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የፊልምና የቴሌቪዥን ማኅደር አለ።

አንድ ነገር ግን ለእታባ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። «ፔፐር ዶልስ» ታሪኩ አልተቋጨም። የመጨረሻውን ክፍል ብታገኙትም ማን ምን እንደሆነ አይታወቅም። ሌላ የሚያስታውሱት ድራማ ካለ ደግሞ ጻፊልኝ። ስሙን ባያውቁት ግድ የለም፤ የሳምንቱን ቀንና ከእሱ በፊት ምን ይታይ እንደነበር ጠይቂያቸው። የየጣቢያው የማታ ፕሮግራም በዓመት በዓመት ተመዝግቦ ስለተቀመጠ፣ ከዚያ ተነስቼ ላገኘው እችላለሁ።